የቋንጃ ጡንቻ ጉዳት፦ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ማገገሚያውና ስለ መከላከያው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ኳስ ተጫዋቾች፣ ሯጮችና ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ስለ ኋለኛው የጭን ጡንቻ ጉዳት አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። ስለ ጡንቻ ጉዳት በጥቅሉ ከመናገር አንዱን ጡንቻ ይዞ በዝርዝር ማየት ይሻላል፤ የቋንጃ ጡንቻ የተመረጠውም በሩጫና በእግር ኳስ ላይ እጅግ የተለመደው ጉዳት ስለሆነ ነው። የባት፣ የብሽሽትና የፊት ጭን ጡንቻ ጉዳትም በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ተመሳሳይ አያያዝ ይፈልጋል። ጽሑፉ ሐኪም መርምሮ የሚሰጠውን ውሳኔ አይተካም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቋንጃ ጡንቻ የሚባለው የትኛው ነው? ለምንስ ይጎዳል?

ስፖርተኞች ሀምስትሪንግ የሚሉት ከመቀመጫ አጥንት ተነሥተው በጭን ጀርባ ወርደው ከጉልበት በታች የሚያያዙትን ሦስት ጡንቻዎች ነው። እነዚህ ጡንቻዎች ጉልበትን ያጥፋሉ፣ ዳሌን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፤ በሩጫ ጊዜ ደግሞ ወደ ፊት የተወነጨፈውን እግር ይገታሉ። ጉዳቱ በብዛት የሚደርሰው በዚህ በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው እግሩ መሬት ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጉልበቱ ሲዘረጋ ጡንቻው በአንድ ጊዜ እየተለጠጠም እየተኮማተረም ከባድ ኃይል ይሸከማል፤ ኃይሉ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ቃጫዎቹ ይበጠሳሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚበጠሱት ጡንቻው ከጅማቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ከሦስቱ ውስጥ በሩጫ ጊዜ በብዛት የሚጎዳው በጭን ውጭ በኩል ያለው ባይሴፕስ ፌሞሪስ የተባለው ነው።

ሁለተኛው የጉዳት መንገድ ከመጠን ያለፈ መለጠጥ ነው። እግርን እስከ ደረት አንሥቶ ኳስ መምታት፣ ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ ወይም በጭፈራ ጊዜ እግርን በሰፊው መክፈት ጡንቻውን ከመቀመጫ አጥንት አጠገብ ሊቀድደው ይችላል። ይህኛው ሲጀምር ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው አነክሶም ቢሆን ጨዋታውን ይጨርሳል፤ ለመዳን ግን በሩጫ ከሚመጣው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ ጉዳት መውደቅ ያልሠለጠነ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ዴሬክ ሬድመንድ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ400 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቋንጃው ተበጥሶ በአባቱ ትከሻ ተደግፎ መስመሩን ያለፈበት፣ ዩሴይን ቦልትም በ2017 ለንደን ላይ በመጨረሻ ውድድሩ በ4 በ100 ሜትር ቅብብል መሐል የወደቀበት ምክንያት ይኸው ነው። በአውሮፓ ታላላቅ የእግር ኳስ ክለቦች ላይ በተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል መሠረት ደግሞ በ2001/02 የውድድር ዘመን ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ የነበረው የቋንጃ ጉዳት በ2021/22 ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። የጨዋታው ፍጥነትና የግጥሚያው ብዛት መጨመሩ እንደ ምክንያት ይነሣል።

መሸማቀቅ፣ ወለምታ ወይስ መቀደድ? በምን ልለየው?

ወለምታ የመገጣጠሚያ ጉዳት ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙ ጅማቶች ሲለጠጡ ወይም ሲበጠሱ ስለሚከሰት ሕመሙም እብጠቱም በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበት ወይም በእጅ አንጓ አካባቢ ይሆናል። መሸማቀቅ ጡንቻው በራሱ ጊዜ ተኮማትሮ አልለቅ ሲል የሚመጣ ነው፤ ሲዳሰስ ይጠጥራል፣ ቀስ ብለው ሲያሳስቡት በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ካልለመዱት ልምምድ በኋላ ሰውነት ሲተሳሰር ደግሞ ሕመሙ በማግስቱ ይጀምራል፣ በሁለቱም እግሮች ላይ ይሰማል፣ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥም ይጠፋል።

መቀደድ ከእነዚህ የሚለየው በድንገተኛነቱ ነው። ሯጩ ጉዳቱ የደረሰበትን ቅጽበት በትክክል ያውቃል፤ አንዳንዱ ከኋላው በድንጋይ የተመታ መስሎት ዞር ብሎ ያያል፣ አንዳንዱም ጠብ የሚል ድምፅ እንደሰማ ይናገራል። ሕመሙ በአንድ እግር ላይ፣ በጣት ሊጠቆም በሚችል ቦታ ላይ ይሆናል፤ ጉልበትን ከተቃውሞ ጋር ሲያጥፉ ወይም እግርን ዘርግተው ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይብሳል። የደም መቋጠር ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ሲጠቁር፣ ጥቁረቱም ከተጎዳው ቦታ ወርዶ ከጉልበት ጀርባ ሲታይ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን ይህ የፈሰሰው ደም በስበት ወደ ታች መውረዱን እንጂ አዲስ ጉዳት መድረሱን አያሳይም።

አንድ የሚያሳስት ሕመም አለ። ጉዳት የደረሰበት ቅጽበት የማይታወስ፣ ብዙ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ከጉልበት በታችም መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ያለበት የጭን ጀርባ ሕመም ብዙ ጊዜ ምንጩ ወገብ ላይ የተጫነ ነርቭ ነው። እሱን እንደ ጡንቻ ጉዳት ለወራት ማከም ከንቱ ድካም ነው።

የጉዳቱ ክብደት በምን ይታወቃል? ኤምአርአይ መነሣት አለብኝ?

በተለምዶ ጉዳቱ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ የተበጠሱት ቃጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰውየው ይራመዳል፣ ኃይሉም ብዙ አይቀንስም። በሁለተኛው ከፊል መቀደድ አለ፤ ማነከስ፣ እብጠትና ጉልህ የኃይል መቀነስ ይታያል። በሦስተኛው ጡንቻው ወይም ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ይበጠሳል። ክፍፍሉ ለመግባባት ይጠቅማል እንጂ የማገገሚያውን ቀን በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ከጅማቱ ላይ የደረሰ ትንሽ መቀደድ በጡንቻው መሐል ከደረሰ ሰፊ መቀደድ ይልቅ ሊቆይ ይችላልና።

ለአብዛኛው ሰው በእጅ የሚደረግ ጥሩ ምርመራ በቂ ነው። ያለ ሕመም መራመድ ለመቻል ከአንድ ቀን በላይ የወሰደበት ሰው ወደ ስፖርት ለመመለስ ከሦስት ሳምንት በላይ እንደሚያስፈልገው መገመት ይችላል። አልትራሳውንድ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ውጤቱ ግን በሚሠራው ባለሙያ ልምድ ላይ በጣም ይወሰናል። ኤምአርአይ ጥርጣሬው ሙሉ መበጠስ ሲሆን ወይም ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ አልሻል ሲል ተገቢ ነው። ከዚህ ውጪ ለኤምአርአይ የሚከፈለው ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ ቢውል የተሻለ ጥቅም ይሰጣል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ምን ላድርግ?

ከሁሉ በፊት ጨዋታውን ያቁሙ። የቡድኑ ወጌሻ ስፕሬይ ነፍቶ መልሶ ቢያስገባዎ እንኳ የደነዘዘው ሕመሙ እንጂ የተጠገነው ጡንቻው አይደለም፤ ትንሽ የነበረው መቀደድ በአንድ ተጨማሪ ሩጫ ሊሰፋ ይችላል።

በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ቢያዝ ሕመሙን ያቀልላል። ቆዳን ስለሚያቃጥል በባዶው መያዝ የለበትም። ዕረፍት፣ በረዶ፣ በፋሻ መጠቅለልና እግርን ከፍ ማድረግ የሚለውን የታወቀ መመሪያ በ1978 ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እራሱ በኋላ፣ በ2014፣ በረዶም ሆነ ሙሉ ዕረፍት መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፏል። ምክንያቱ እብጠትና መቆጣት የተበጠሰውን ቃጫ ጠርገው አዲስ የሚተኩ ሕዋሳትን የሚጠሩ የጥገናው አካል በመሆናቸው ነው። ስለዚህ በረዶን በመጀመሪያው ቀን ለሕመም ማስታገሻነት መጠቀም ተገቢ ነው፤ ለሳምንት መቀጠሉ ግን ፋይዳ የለውም።

በላስቲክ ፋሻ በልኩ መጠቅለልና ሲተኙ እግርን በትራስ ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። ፋሻው ጣቶችን የሚያደነዝዝ ወይም የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ይላላ። ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ በአጭር እርምጃ መራመድ ይቻላል፤ የሚያነክሱ ከሆነ ክራንች መጠቀም አያሳፍርም። በእነዚህ ቀናት ሙቅ ውኃ፣ የሚያቃጥሉ ቅባቶች፣ አልኮል፣ ጠንካራ ማሸትና ጡንቻውን በኃይል ማሳሳብ መቅረት አለባቸው፤ ሁሉም የደም መፍሰሱን ያባብሳሉ።

ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ብታሽስ?

ይህ በአገራችን ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ አጭር መልስም አይበቃውም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ ቤተሰብም ያምነዋል። ብዙ ሰው ታሽቶ ድኗል፤ ነገር ግን ቀላል የጡንቻ ጉዳት ባይታሽም በሁለትና ሦስት ሳምንት የሚድን መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

አደጋው ያለው በጊዜውና በኃይሉ ላይ ነው። ጡንቻው በተቀደደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በቅቤ ወይም በቅባት አድርጎ በአውራ ጣት መጭመቅ የተዘጉትን የደም ሥሮች መልሶ ይከፍታል፤ የተቋጠረውም ደም ይሰፋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በጡንቻው ውስጥ አጥንት መብቀሉ ነው። ማዮሳይቲስ ኦሲፊካንስ የሚባለው ይህ ችግር በተለይ ጭን በጉልበት ወይም በጫማ ተመትቶ ደም ሲቋጥር የሚታይ ሲሆን፣ በጊዜው ያልሆነ ጠንካራ ማሸት ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርገው ይታመናል። ከሳምንታት በኋላ ጭኑ ውስጥ ጠጣር እብጠት ይወጣል፣ ጉልበትም እንደ ልብ አልታጠፍ ይላል።

ሁለተኛው አደጋ አጥብቆ ማሰር ነው። እግርን በሸምበቆ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እስከ እግር መቆረጥ የሚያደርስ መሆኑ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በደንብ የታወቀ ጉዳት ነው። የጡንቻ ጉዳት እንደ ስብራት በእንጨት መታሰር ፈጽሞ አያስፈልገውም። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ የሚሄድ፣ ጣቶቹ የሚደነዝዙ ወይም የሚገረጡ ከሆነ ማሰሪያው ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ደቂቃ መፈታት አለበት።

ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ፣ እብጠቱ ሲጎድል፣ ቀለል ያለ ማሸት ሰውነትን ለማፍታታትና ሕመምን ለማስታገስ ሊያገለግል ይችላል። የተበጠሰውን ግን አያገናኝም፤ ጥንካሬንም አይመልስም። ወጌሻው ሥር ተዛንፏል ወይም ጅማት ዞሯል ብሎ በኃይል ለመመለስ ከጀመረ አመስግኖ መነሣት ይሻላል።

የትኛውን የሕመም ማስታገሻ ልውሰድ?

ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ማለፍ የለበትም። ጉበቱ የታመመና አልኮል የሚያዘወትር ሰው ከዚያም ባነሰ መጠን መወሰን አለበት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገዙ እንደ ከረሜላ ይዋጣሉ፤ የጨጓራ ሕመም፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ላለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰውና ለነፍሰ ጡር ግን አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላው ቢወስዳቸውም ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሁን። ማስታገሻ ውጦ ወደ ሜዳ መግባት ከሁሉ የከፋው አጠቃቀም ነው።

በነገራችን ላይ ለሽንት ወይም ለተቅማጥ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማትን ሊያዳክም የሚችል መድኃኒት ነው፤ በተለይ የተረከዝን ጅማት። ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ወይም ከወሰዱ ብዙም ሳይቆዩ ጅማትዎን ካመመዎ ልምምዱን አቁመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስንት ቀን ልረፍ?

ሕመሙ እስኪጠፋ ተኝቶ መጠበቅ የተለመደ ምክር ነው፤ የተሻለው ግን እሱ አይደለም። በ2017 ዴንማርክ ውስጥ የጭን ወይም የባት ጡንቻቸው የተጎዳ 50 አማተር ስፖርተኞች በሁለት ተከፍለው ጥናት ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ ማገገሚያ ልምምዱን ከጉዳቱ ሁለት ቀን በኋላ፣ ግማሾቹ ዘጠኝ ቀን ቆይተው ጀመሩ። ቀድመው የጀመሩት በ62.5 ቀን ገደማ፣ የዘገዩት በ83 ቀን ገደማ ወደ ስፖርታቸው ተመለሱ። የአንድ ሳምንት መዘግየት የሦስት ሳምንት ዋጋ አስከፈለ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዲስ የሚበቅለው ቃጫ በትክክለኛው አቅጣጫ ተሰልፎ ጠንካራ እንዲሆን ልኩን የጠበቀ ጫና ያስፈልገዋል፤ ያለ ጫና የሚተወው ቦታ ግን ደካማ ጠባሳ ይሆናል።

ልኩን የጠበቀ ማለት ምን እንደሆነ በቀላሉ መለካት ይቻላል። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ይስጡት፤ በልምምድ ጊዜ እስከ 3 ወይም 4 ቢደርስና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ቢመለስ መጠኑ ተስማሚ ነው። ከዚያ ካለፈ ወይም ሲያድር ከባሰ ልምምዱ ቀንሶ ይቀጥላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተውም።

ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ልሥራ?

የመጀመሪያው ሥራ ጡንቻውን ሳያንቀሳቅሱ ማጠንከር ነው። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ትንሽ አጥፈው ተረከዝዎን ወደ አልጋው ይጫኑ፤ ለብዙ ሰከንዶች ይዘው ይልቀቁ፤ ይደጋግሙት። ይህ ሲቀልል በዚያው አተኛኘት ሁለቱን እግሮች መሬት ረግጠው መቀመጫዎን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ከቀናት በኋላም በአንድ እግር ብቻ ማንሣት ይጀምራሉ።

ቀጣዩ ደረጃ ዋናው ነው፤ ሰዎች የሚዘሉትም እሱን ነው። የቋንጃ ጡንቻ የሚጎዳው እየተለጠጠ ሲሸከም ስለሆነ መጠንከር ያለበትም እየተለጠጠ ነው። ካልሲ አድርገው በለሰለሰ ወለል ላይ በጀርባ ተኝተው፣ መቀመጫዎን አንሥተው፣ ተረከዝዎን ቀስ እያሉ ወደ ፊት ማንሸራተት ቤት ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራ ነው። ጉልበትን በትንሹ አጥፎ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ ከዳሌ እያጎነበሱ ክብደት ማንሣትም ጡንቻውን በረዘመበት ሁኔታ ያሠራዋል፤ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ለመጀመሪያው በቂ ነው። በስዊድን ታላላቅ ሊግ ተጫዋቾች ላይ በ2013 የታተመ ጥናት ጡንቻውን እያስረዘሙ የሠሩት በአማካይ በ28 ቀን፣ በተለመደው መንገድ የሠሩት በ51 ቀን ወደ ልምምድ መመለሳቸውን አሳይቷል።

ሩጫው በመጀመሪያ ከፈጣን እርምጃ፣ ቀጥሎ ከዝግታ ሩጫ ይጀምራል። ፍጥነቱ በየሁለትና ሦስት ቀኑ እያደገ ይሄዳል። ቁልቁለትና ድንገተኛ መዞር በመጨረሻ ይመጣሉ።

ሕመሙ ጠፍቷል፤ መቼ ልጫወት?

የሕመም መጥፋት የመዳን ማረጋገጫ አይደለም። ላዩ ደርቆ ውስጡ እንዳልደረቀ የጭቃ ልስን፣ ጡንቻውም በመራመድ ደረጃ ጤነኛ ሆኖ በሙሉ ፍጥነት ሲፈተን ሊፈርስ ይችላል። ዳግም ጉዳት የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ የመመለሻ ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ዳግም ጉዳቱም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የረዘመ ዕረፍት ይጠይቃል።

ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ እግሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦታው በጣት ሲጫን አያምም? ተዘርግቶ ሲነሣ ከጤነኛው እግር እኩል ይወጣል? ጥንካሬው ከጤነኛው ከ10 በመቶ በላይ አያንስም? በተለያዩ ቀናት፣ ደክሞዎት እያለም ጭምር፣ በሙሉ ፍጥነት ደጋግመው ሲሮጡ ሥጋት አይሰማዎትም? ለእነዚህ ሁሉ መልሱ በጎ ሲሆን ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ ይጀመራል፤ ግጥሚያው ከዚያ በኋላ ነው። ለማቀድ ያህል ቀላሉ ጉዳት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ መካከለኛው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ሙሉ መበጠስ ደግሞ ወራት ይወስዳል። አሰልጣኝ እሑድ ጨዋታ አለብን ስላለ እነዚህ ሳምንታት አያጥሩም።

መርፌ ብወጋ ቶሎ አይሻለኝም?

ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋው ፒአርፒ ውድ ነው፤ በ2014 በኔዘርላንድስ 80 ስፖርተኞች ላይ የታተመ ጥናት ግን ለድንገተኛ የቋንጃ ጉዳት ከጨው ውኃ መርፌ የተለየ ጥቅም አላገኘበትም። የኮርቲዞን መርፌ ሕመሙን ሊያጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ጅማትን ሊያዳክም ስለሚችል አዲስ የተቀደደ ጡንቻ ላይ መወጋቱ አይመከርም። ቫይታሚን መርፌ ምንም አይጨምርም።

ጾም ላይ ነኝ፤ ማገገሜን ያዘገየዋል?

ጾሙ እራሱ አያዘገይም፤ አመጋገቡ ከተዛባ ግን ሊያዘገይ ይችላል። የተጎዳ ስፖርተኛ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል፤ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም አካባቢ ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በሌሉበት በ55 ቀናት የዐቢይ ጾም ይህን መጠን መሙላት ዕቅድ ይጠይቃል እንጂ የማይቻል አይደለም። ከ100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል። ወፈር ያለ ሽሮ፣ የባቄላ ፉል፣ የምስር ወጥ፣ ለውዝና የአኩሪ አተር ወተት ከእንጀራ ጋር ተደምረው ብዙውን ይሸፍናሉ። አትክልት ብቻ ያለበት በያይነቱ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይጠግንም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ማገገሚያ ልምምድ ከምግብ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል፤ ፕሮቲኑንም በአንድ ማዕድ ከማጨቅ በማፍረሻው፣ በእራትና ከመኝታ በፊት ቢያከፋፍለው ይጠቅመዋል። ስለ ተጎዳሁና ስለማልሮጥ ምግብ ልቀንስ ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

እንዳይደገም ምን ላድርግ?

ቀደም ሲል የተጎዳ ቋንጃ መኖሩ ለሚቀጥለው ጉዳት ከሁሉ የላቀው ምልክት ነው። ስለዚህ ማጠንከሪያው ከዳኑ በኋላም ይቀጥላል።

በደንብ የተፈተነው ልምምድ ኖርዲክ የሚባለው ነው። በጉልበትዎ ይንበረከካሉ፤ ሜዳው ጠጠር ከሆነ ጃኬት አጥፈው ከሥር ያነጥፋሉ፤ ጓደኛዎ ቁርጭምጭሚቶችዎን አጥብቆ ይይዛል፤ እርስዎም ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ ብለው፣ መውደቁን በቋንጃዎ እየገቱ፣ በተቻለ መጠን በዝግታ ወደ ፊት ይወርዳሉ፤ በመጨረሻ በእጅዎ ተቀብለው ይነሣሉ። በዴንማርክ 50 የእግር ኳስ ቡድኖችና 942 ተጫዋቾች በተሳተፉበት፣ በ2011 በታተመ ጥናት ልምምዱን በሠሩት ቡድኖች 15፣ ባልሠሩት 52 የቋንጃ ጉዳት ተመዝግቧል። መሣሪያም ጂምም ሳይጠይቅ ይህን የመሰለ ውጤት የሚሰጥ ልምምድ በብዙ ሜዳዎቻችን አለመለመዱ የሚያስቆጭ ነው። የማይለመድበት አንዱ ምክንያት በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነትን በኃይል ማስተሳሰሩ ነው። መፍትሔው በአነስተኛ መጠን መጀመር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ሁለት ዙር በአምስት በአምስት፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ማሳደግ። ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አይሠራም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጫናው አጨማመር ነው። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ በኅዳር ወር አካባቢ በሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ ቲሸርቱን ገዝቶ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ጡንቻ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ፣ በዳገትና በቁልቁለት፣ በጭፈራ መሐል ድንገት ሲፈተለክ ቢቀደድ አይገርምም። ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ በሳምንት ሦስት ቀን መጀመር፣ ከመጨረሻዎቹ ሳምንታትም በፊት አልፎ አልፎ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን መጨመር ጡንቻው ፍጥነትን እንዲለምድ ያደርጋል።

ከሩጫ በፊት ማሳሳብ ይከላከላል?

ቆሞ እግርን አጥር ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ ማሳሳብ ብቻውን ጉዳትን ብዙም አይቀንስም። የሚሻለው በዝግታ ሩጫ ጀምሮ፣ እግርን እያወዛወዙ፣ ጉልበትን ከፍ እያደረጉ፣ በመጨረሻም ጥቂት ፈጣን ሩጫዎች እየሮጡ ማሟሟቅ ነው። 20 ደቂቃ የሚፈጀው የፊፋ 11 ፕላስ ማሟሟቂያ ኖርዲክንም ይዟል፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ በወጣት ቡድኖች ላይ ጉዳትን በጉልህ ቀንሷል።

ስፖርት አልሠራም፤ ነገር ግን ባቴን አሞኛል። ያው ነው?

ላይሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንደሚደረገው ያለ ረጅም በረራ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ ወይም ብዙ ቀን መተኛት ተከትሎ አንድ ባት ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሸት የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ ሳይታሽ ወዲያው በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ሌላ በአስቸኳይ ሐኪም የሚያሻው ምንድን ነው?

እግርን መርገጥ አለመቻል፤ ከመቀመጫ አጥንት በታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር ወይም ጭኑ በሙሉ መጥቆር፤ ጅማቱ ከአጥንቱ ከተላቀቀ ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ቢደረግ ስለሚቀል መዘግየቱ ያስከፍላል። ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ በማስታገሻ የማይመለስ ሕመምና የእግር መደንዘዝም እንዲሁ። እጅግ ከከበደ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ቢጠቁር ደግሞ የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ መሆኑን ስለሚያመለክት በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ይገባል።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ሲሮጥ መቀመጫው ሥር ጠብ አለበት። የአዋቂው አያያዝ ይሠራለታል?

መጀመሪያ ራጅ ይነሣ። በማደግ ላይ ባለ ልጅ ጅማቱ የሚያያዝበት የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ከጡንቻው ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ በአዋቂ ላይ ጡንቻን የሚቀድደው ኃይል በእሱ ላይ ቁራጭ አጥንት ነቅሎ ሊወስድ ይችላል። የተነቀለው አጥንት ብዙ ካልራቀ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በክራንችና በተመጠነ ልምምድ ይድናል፤ ከራቀ ግን የአጥንት ሐኪም መወሰን አለበት። እስከዚያው ድረስ አይታሽ፣ ጡንቻውም አይሳሳብ።